የኤቢኤስ መብራት ሲበራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በክረምት ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ ሰው የኤቢኤስን ጥቅም ያውቀዋል። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ከፊት ያለው ታክሲ ድንገት ቀጥ ይላል። ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን በፍጥነት እየለቀቀ እየያዘ፣ መሪው እንዲታዘዝላችሁ ያደርጋል። ታዲያ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ መብራት ስትበራ የማይባል ነገር የለም። አብዛኛው ወሬ ኪስ ያራቁታል።

«መብራቱ ከበራ ፍሬን የለም»

ቢጫዋ ብቻዋን ከበራች መደበኛው ፍሬን ይሠራል። የጠፋው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል ነው። ርቀት ጠብቃችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ጋራዥ መድረስ ትችላላችሁ። የእጅ ፍሬን ተለቆ ቀዩም መብራት አብሮ ከበራ ግን አትንዱ። የፍሬን ዘይት ጎድሎ፣ ወይም የፊትና የኋላ ጎማ የፍሬን ኃይል የሚመጥነው ሥርዓት ቆሞ ሊሆን ይችላል።

«ማሽኑ ሴንሰር ነው ካለ ሴንሰር ይቀየር»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የብልሽት መመርመሪያው ማሽን «የፊት ግራ ጎማ ፍጥነት ሴንሰር» (የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው መሣሪያ) ሲል የሚያወራው ስለ መስመሩ በሙሉ ነው፤ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ቀለበት ሁሉ አለበት። ሰው ግን ማሽኑ የሰጠውን የብልሽት ኮድ ይዞ በቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ ይሮጣል። ሴንሰር ገዝቶ ያስገጥማል፣ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሰው እየነዳ ሌላው የአራቱን ጎማ ፍጥነት ማሽኑ ላይ ይከታተል። በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ሦስቱ እኩል እየሄዱ አንዱ ዜሮ ላይ ከቀረ ወይም ከዘለለ፣ ፍለጋው እዚያ ጎማ ላይ ይጀምር።

ቀጥሎ ሽቦው ነው። የፊት ጎማ ሽቦ መሪ በዞረ ቁጥር ይተጣጠፋል። ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ይገኛል። ስለዚህ ሽቦው ከሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ፣ መሪው እስከ ዳር ተዞሮ፣ ሽቦውን እያወዛወዙ በመልቲሜትር መለካት ነው። ንባቡ ከተቆራረጠ ጥፋተኛው ተገኘ። ሶኬቱንም ከፍታችሁ ተመልከቱ። ውኃ ገብቶበት ፒኖቹ አረንጓዴ ሆነው ከሆነ ሴንሰር መቀየር ምንም አይፈይድም።

«ሴንሰር ሁሉ በኦም ይለካል»

ይህ ለድሮው ዓይነት እውነት ነው። ውስጡ ጥቅል ሽቦ ስላለው ብዙ ጊዜ 1000 ኦም አካባቢ ያሳያል። የአሁኖቹ መኪኖች ሴንሰር ግን ከመኪናው የኤቢኤስ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ እየተቀበለ የሚሠራ ነው፤ በኦም መለካት ስለ ጤንነቱ አይነግራችሁም። ለዚህኛው ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ከመኪናው በኩል ቮልቴጅ መምጣቱን እዩ። ካልመጣ ችግሩ ከሴንሰሩ በፊት ነው።

በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ኩሽኔታ አስቀይራችሁ ወዲያው መብራቱ ከበራ ደግሞ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። ብዙዎቹ በአንድ ጎናቸው ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት አላቸው። ተገልብጦ ከተገጠመ ሴንሰሩ የሚያነበው ነገር ያጣል።

«ባትሪ ከኤቢኤስ ጋር ምን አገናኘው?»

በደንብ ይገናኛል። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ኤቢኤሱን ያጠፋዋል። ባትሪና ፊውዝ ማየት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ ይጀመር።

«ኮዱ ከተደመሰሰ አለቀ»

ብልሽቱ ካለ ኮዱ ይመለሳል። አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ትንሽ ከተነዳ በኋላ።

«መብራቱ ካልበራ ደህና ነው»

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይህን አትመኑ። ቁልፉ ሲከፈት ቢጫዋ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ኤቢኤስን በሚያነብ ማሽን አስፈትሹት። የሞተር ኮድ ብቻ የሚያነበው ርካሹ መሣሪያ ይህን አያሳይም።