ዝናቡ፣ ድቡና ውዱ ሳይክል፦ ስለ ሲያትል የጠጠር መንገዶች የሚባለውና እውነታው

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሲያትልና አካባቢው ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ነው። ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ለሳይክል የተመቹ የጠጠር መንገዶች አሉ። ብዙዎቹ የድሮ ባቡር መስመሮች ናቸው። ሐዲዱ ተነስቶ ጠጠሩ ቀርቷል። አንዳንዶቹ በጥድ ጫካ ውስጥ አልፈው ባሕር ዳር ድረስ ይወስዳሉ። ነገር ግን «እስቲ ቅዳሜ እንሂድ» ሲባል የሚመጣው ምክንያት ብዙ ነው። አብዛኛው ምክንያት ደግሞ ልክ አይደለም። የሚያስፈራው ሌላ፣ እኛ የምንፈራው ሌላ።

«እዚያ ዝናቡ መቼ ያቆማል?»

ይሄ የማይሞት ወሬ ነው። በዓመት የሚዘንበው ውሃ ቢለካ አዲስ አበባ ከሲያትል ትበልጣለች። ሲያትል በአማካይ 1,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ታገኛለች፣ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ። ልዩነቱ የሲያትል ካፊያ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ቀስ እያለ መንጠባጠቡ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል። አገር ቤት ሐምሌ ጨለማ ሲሆን እዚህ ጠጠሩ ደርቆ አቧራ ያስነሳል።

ቦታውም ራሱ ወሳኝ ነው። በኦሎምፒክ ልሳነ ምድር ምዕራብ በኩል ያለው የሆ ጫካ በዓመት 3.5 ሜትር ያህል ዝናብ ይወርድበታል። ዛፉ ሁሉ ሽበት ለብሷል። በቀጥታ መስመር ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ያለችው የስኩዊም ከተማ ግን 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው የምታገኘው። ከፓስፊክ የሚመጣው ደመና የኦሎምፒክ ተራሮችን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ውሃውን እዚያው ያራግፋል። ወዲያኛው ጎን የሚደርሰው ባዶውን ነው። ስለዚህ «ዝናብ አለ ወይ?» ከማለት «ከተራራው በየት በኩል ነው የምንሄደው?» ማለት ይሻላል። በበጋው መጨረሻ የሚያስቸግረው ዝናብ ሳይሆን የሰደድ እሳት ጭስ ነው። ያን ቀን የአየር ጥራቱን አይታችሁ ውጡ።

«የሺህ ዶላሮች ሳይክል ከሌለህ አትሞክረው»

ሱቅ ውስጥ ለቆመ ሰው እንደዚያ ሊመስለው ይችላል። ግን የባቡር መንገድ ዳገት አይወድም። ከባዱን የጭነት ባቡር እንዲጎትቱበት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ዳገቱ ከ2 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ጋራዥ ውስጥ አቧራ የጠጣው የድሮ ማውንቴን ባይክ በደንብ ይበቃል። ፍሬኑ ይያዝ፣ ማርሹ ይግባ፣ ካቴናው ዘይት ይቀባ። ገንዘብ ካለ ጎማ ላይ ይውጣ። 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጎማ ከካርቦን ፍሬም ይልቅ ቀኑን ያሳምረዋል።

«ጎማው ድንጋይ እስኪሆን ካልተነፋ አይሮጥም»

ይህኛውን በሳይክል ያደጉ ሰዎች ጭምር ያምኑታል። ለስላሳ አስፋልት ላይ እውነትነት አለው። ጠጠር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የደነደነ ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር እየዘለለ ሳይክሉንም ሰውዬውንም ወደ ላይ ያነሳል። ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት በመንቀጥቀጥ ያልቃል። ለስለስ ያለ ጎማ ጠጠሯን ውጦ ያልፋል። መሬቱን ስለሚይዝ ኩርባ ላይም አይንሸራተትም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከ30 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓምፑ ላይ የሚነበበው የአየር ግፊት መለኪያ) ባለው መካከል ቢጀምርና እያየ ቢያስተካክል ጥሩ ነው። ከባድ ሰው ጨመር፣ ቀላል ሰው ቀነስ ያድርግ። በጣም ካነሰ ግን ቸርኬው ድንጋይ ይመታል፣ ከመነዳሪውም ይቆነጠጣል። ከመነዳሪ የሌለው፣ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራው ቱብለስ ለዚህ ነው የተወደደው። ያም ሆኖ ትርፍ ከመነዳሪና ፓምፕ ይዞ መውጣት ግድ ነው።

«የባቡር መንገድ ከሆነማ ሁሉም ያው ነው»

ከሲያትል በስተደቡብ ያለውን ዊላፓ ሂልስ የሚባለውን የድሮ ባቡር መንገድ እንውሰድ። ከቼሄሊስ ተነስቶ ሳውዝ ቤንድ ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚያደርስ 56 ማይል፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያው አስፋልት ነው፣ ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል። ቀጥሎ የተጠቀጠቀ ጠጠር እስከ ፒ ኤል ከተማ ድረስ ይዘልቃል፤ በእርሻና በድልድይ መሃል እያለፉ መዝናናት ነው። ከፒ ኤል በኋላ ግን ኮረብታውና ጫካው ይጀምራል። ጠጠሩም ይላላል፣ ይተልቃል። ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። ጠዋት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረ ሰው እዚህ ግማሹንም ቢያገኝ እግዜር ይመስገን ነው። ሬይመንድ ሲደረስ እንደገና አስፋልት ይመጣል፣ የጨው ሽታም አብሮ ይሸታል። ሰዓታችሁን በአስፋልት ሒሳብ ካሰላችሁ ይመሽባችኋል። መጀመሪያ እስከ ፒ ኤል ደርሶ መመለስን እመክራለሁ። መኪና ለሌለው ደግሞ አምትራክ ካስኬድስ ባቡር ከሲያትል ቼሄሊስ አጠገብ ያለችው ሴንትራሊያ ያደርሳል፣ ሳይክልም ይጭናል። ቦታ ግን ቀድሞ መያዝ አለበት።

በሌላ በኩል በፓሉስ ቱ ካስኬድስ መንገድ ላይ ያለው የስኖኳልሚ ዋሻ 3.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ በበጋም ይበርዳል። የስልክ መብራት አይበቃም። ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 ደግሞ ዝግ ነው። ኤፕሪል ላይ ሞቀ ብሎ ሄዶ በሩ ተቆልፎ የሚጠብቀው ሰው አይጠፋም።

«ጫካ የእግዜር ነው፣ ማን ይከለክለኛል?»

እዚህ አገር ብዙው ጫካ ባለቤት አለው። ዌየርሃውዘርን የመሰሉ የእንጨት ኩባንያዎች ሰፊ መሬት ይዘዋል። አንዳንዱ ቦታ ፈቃድ ተገዝቶ ይገባል። አንዳንዱ የእሳት ስጋት ሲኖር ይዘጋል። የስልኩ ካርታ የእንጨት መኪና መንገዱን እንደ ተራ መንገድ አድርጎ ያሳያል፣ በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ግን አያሳይም። ኔትወርክም የለም። ካርታውን ቀድሞ ማውረድ፣ መንገዱ የማን እንደሆነም ማየት ይገባል። በግዛቱ ፓርኮች የሚጠየቀው ዲስከቨር ፓስ የሚባለው የመግቢያ ፈቃድ ለሚቆመው መኪና ነው። በሳይክል ለመጣ ሰው አይደለም።

ግንድ ጭነው የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ከአውሬው ሁሉ የባሱ ናቸው። ጠባብ መንገድ፣ ኩርባና አቧራ። በሥራ ቀን እነሱ ባሉበት መንገድ ላይ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት እብደት ነው።

«ድቡ ይበላሃል»

እዚህ ያለው ጥቁር ድብ ነው። ሰው ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። ኩጋር የሚባለው የተራራ አንበሳ ግን ችላ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በኖርዝ ቤንድ አቅራቢያ አንድ ሳይክለኛ ገድሏል። በዋሽንግተን ግዛት ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ምን ያህል ብርቅ ነገር እንደሆነ ያሳያል። በ2024 ደግሞ ፎል ሲቲ አካባቢ አንዷን ሳይክለኛ ሲይዛት ጓደኞቿ ታግለው አስለቀቋት፣ አውሬውንም በሳይክል ተጭነው ያዙት። ካያችሁት አትሩጡ፣ ጀርባም አትስጡ። ሳይክሉን በመሃል አድርጉ፣ ጩኹ፣ ገዘፍ በሉ። ከነካችሁ ታገሉ። ለብቻ አለመሄድ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል።

«ሳይክል የነጭ ነገር ነው»

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ሳይክለኞችም ይዛ ነበር። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ጋልቧል። ሌላ ምን ልበል?

«የስፖርተኛ ምግብ፣ ጄልና ባር ካልገዛህ ጉልበት የለህም»

በሶ በጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ፣ ቆሎ ኪስ ውስጥ። በጾም ቀንም ይሠራል። ሳውዝ ቤንድ ስትደርሱ ሁሉም ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ይጋብዛችኋል፤ «የባሕር ቀንድ አውጣ ነው» ብላችሁ የምትጸየፉ ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ።

«ባሕር ዳሩ ላይ መንዳት ሳይክሉን አይጎዳም፣ ታጥቦ ይወጣል»

ወደ ደቡብ ሎንግ ቢች ላይ ማዕበሉ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ይጠነክራል፤ መኪናም ይሄድበታል። ደረቁ አሸዋ ውስጥ ግን ፔዳል መምታት ከንቱ ድካም ነው። ማዕበሉ የሚመለስበትን ሰዓት አይቶ መግባት ያስፈልጋል። ከዚያ ጨውና አሸዋ ካቴናው ውስጥ ይቀራሉ። ነገ ዛሬ ሲባል ዝገቱ ይጀምራል። መኪና ማጠቢያ ወስዶ በኃይለኛ ውሃ መርጨት ደግሞ የባሰ ነው። ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሱን ያወጣዋል። በባልዲ ንጹሕ ውሃ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ካቴናውን ዘይት መቀባት። እዚያው ማታውኑ፣ ሻወር ከመግባታችሁ በፊት።