የጃፓን የቀርከሃ ቅርጫት፦ ሰብሳቢን የሚያሳስቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዛሬ ዘመን የጃፓን ቀርከሃ ቅርጫት መሰብሰብ የጀመረ ሰው ገና የመጀመሪያውን ሳይገዛ ምክር ይጎርፍለታል። መካሪዎቹ በጎ አሳቢዎች ናቸው፤ ምክራቸው ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። አንዳንዱ ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል፣ ሌላው ደግሞ የሰው እጅ ወራት የደከመበትን ሥራ ያበላሻል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሣ። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ቅርጫት ያው ቅርጫት ነው፤ ጥበብ አይባልም»

በጃፓንም ለረጅም ጊዜ እንዲህ የሚያስቡ ብዙዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኦሳካ አካባቢ ሴንቻ የተባለው የቅጠል ሻይ ልማድ ሲስፋፋ፣ ለሻዩ ክፍል የሚሆኑ የቻይና የአበባ ቅርጫቶች ተፈላጊ ሆኑ። የአገሬው ባለሙያዎችም የቻይናውን እየተከተሉ ይሠሩ ጀመር፤ ስማቸውን ግን አያኖሩበትም ነበር። በሥራቸው ላይ ስማቸውን በመቅረጽ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የኦሳካው ቀዳማዊ ሃያካዋ ሾኮሳይ (1815–1897) ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ኢዙካ ሮካንሳይ (1890–1958) ሺን፣ ግዮና ሶ የተባሉትን ሦስት የብሩሽ ጽሕፈት አጣጣሎች ወደ ቀርከሃ አመጣ። ሺን ጥብቅና ሥርዓቱን የጠበቀ ነው፣ ሶ ነጻና ልቅ፣ ግዮ ደግሞ በሁለቱ መካከል። የሮካንሳይን የሶ ሥራ አይቶ «ይሄ ተዝረክርኳል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ልቅነቱ ታስቦበት የተሠራ መሆኑን ለማየት ጥብቁን ሥራውን አጠገቡ ማስቀመጥ ይበቃል።

«ችሎታው ያለው ጉንጉኑ ላይ ነው»

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ቅርጫቱን እያየ ዋናውን ሥራ ሳያየው ያልፋል። እኛ በወስፌ እየወጉ መሶብ ሲሰፋ አይተን ያደግን ሰዎች፣ ድካሙ ሁሉ በስፌቱ ላይ እንደሆነ ብናስብ አይፈረድብንም። የጃፓኑ ግን አይሰፋም፣ ይጎነጎናል። ከመጎንጎኑ በፊት ደግሞ ረጅሙ ሥራ አለ።

በብዛት የሚሠራበት ማዳኬ የተባለው ቀርከሃ ነው፤ በአንጓዎቹ መካከል ያለው ርቀት ረጅም፣ ግንዱም የሚታጠፍ ስለሆነ ይመረጣል። የሚቆረጠው ሦስት ዓመት ያህልና ከዚያ በላይ ሲሞላው፣ በመከርና በክረምታቸው ነው። በዚያ ወቅት ስኳሩና ስታርቹ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነቀዝ አይወደውም። ከዚያ በእሳት እየተለበለበ ወይም እየተቀቀለ ቅባቱ ይወጣለታል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አረንጓዴው ሄዶ የወተት ስልባቦት የመሰለ ቀለም ይይዛል። ቀጥሎ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ እንደገና በውፍረቱ ይሰነጠቃል፤ ጠንካራው የውጭ ቆዳ ከለስላሳው የውስጥ ሥጋ ይለያል። ስንጥቁ በእንጨት ላይ በተተከሉ ሁለት ስለቶች መሐል ተስቦ ወርዱ ይስተካከላል። ውፍረቱም እንዲሁ እየተላገ ይሳሳል። አንድ ቅርጫት እንዲህ ያሉ መቶዎች ስንጥቆች ሊፈልግ ይችላል፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ቢወፍር ጉንጉኑ ያጋልጠዋል። «መሰንጠቅ ሦስት ዓመት» የሚል አባባል ያላቸው ለዚህ ነው፤ ተማሪው ሦስት ዓመት ሲሰነጥቅ ቆይቶ ነው ሰንጣቂ የሚባለው።

ስለዚህ ቅርጫት ስትመርጡ ከሩቅ ቅርጹን ካያችሁ በኋላ ቀረብ ብላችሁ አንድ ስንጥቅ ከታች እስከ አፉ በዐይናችሁ ተከተሉ። አንጓው ጋ ሲደርስ ያብጣል ወይስ ተስተካክሎ ያልፋል? አፉ ላይ ሲታጠፍ ተሰብሯል ወይስ ዞሯል? እኔ ከፊርማ ይልቅ ይህንን አምናለሁ።

«ጠቆር ያለ ቡኒ ከሆነ አሮጌ ነው»

ቀለም ዕድሜን አይናገርም። አዲስ ቅርጫት በቀለም ተነክሮ፣ ላዩም ኡሩሺ በተባለው የዛፍ ሙጫ ተቀብቶ ገና ከእጅ ሲወጣ ጠቆር ይላል። በሌላ በኩል ሱሱታኬ የሚባል አለ፤ የሣር ክዳን ባላቸው የገበሬ ቤቶች ጣሪያ ውስጥ ከምድጃው በላይ ሆኖ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ቀርከሃ ነው። ገመድ ታስሮበት የነበረው ቦታ ጭስ ስላልነካው ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ ጎበዝ ባለሙያ ያንን ፈዛዛ ምልክት እንደ ጌጥ ይጠቀምበታል። ሱሱታኬ ባለፈው ዓመት የተሠራ ቅርጫት ውስጥም ሊገኝ ይችላል። ዕቃው አሮጌ፣ ሥራው አዲስ ማለት ነው። እነዚያ ቤቶች እየፈረሱ ስለሄዱ ቀርከሃው እየተመናመነ ነው፤ ሻጭ «ሱሱታኬ ነው» ሲል ዋጋው የሚጨምረውም ለዚህ ነው። በቀለም ተነክሮ የጠቆረ ብዙ ጊዜ ወጥ ሆኖ ይታያል። ጭስ ያጠቆረው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

«ስሙ አንድ ከሆነ ሠሪውም አንድ ነው»

በኦሳካና በሳካይ የሙያ ስም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ታናቤ ቺኩኡንሳይ የሚለውን ስም አራት ሰዎች ይዘውታል፦ ቀዳማዊው (1877–1937)፣ ዳግማዊው (1910–2000)፣ ሣልሳዊው (1940–2014) እና ስሙን በ2017 የተረከበው ራብዓዊ። የእጅ ጠባያቸው የተለያየ ነው፣ ዋጋቸውም እንደዚሁ። «ቺኩኡንሳይ ነው» ሲሏችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ሳጥኑ ማሸጊያ ነው»

አይደለም። ቶሞባኮ የሚባለው የእንጨት ሳጥን በሠሪው እጅ የሥራው ርዕስና ስሙ በብሩሽ የተጻፈበት፣ ማኅተሙም ያረፈበት ሰነድ ነው። ከውጭ አገር ገዢዎች መካከል ቦታ ያጣብባል ብለው የጣሉት አሉ፤ እንዲህ ያለውን ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኛል። በሌላ በኩል ፊርማ የሌለው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ ሠሪው ቅርጫቱ ላይ ሳይፈርም ሳጥኑ ላይ ብቻ የጻፈበት ጊዜ አለ። ሠሪው ከሞተ በኋላ ልጁ ወይም ተተኪው አይቶ መስክሮ የጻፈበት ሳጥንም ዋጋ አለው። የሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ባትችሉ እንኳ ፎቶ አንሥታችሁ ከቅርጫቱ ጋር አኑሩት።

«ሕያው ብሔራዊ ሀብት ካልተባለ አይገዛም»

ይህ ማዕረግ ለቀርከሃ ባለሙያ የተሰጠው በ1967 ለቤፑው ሾኖ ሾኡንሳይ ነው፤ እሱ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙያ ማዕረጉን ያገኙት ከአሥር አይበልጡም። ታላቁ ሮካንሳይ ራሱ አላገኘውም። መንግሥት ማዕረጉን የሚሰጠው በዋናነት የቆየውን የእጅ ሙያ ጠብቆ ለሚያስተላልፍ ሰው ስለሆነ፣ ቀርከሃን እንደ ሐውልት የሚቀርጹ ብዙ ጎበዞች ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። የሺዙኦካው ናጋኩራ ኬንኢቺ ለምሳሌ ሙያውን በአብዛኛው በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነበር። ቤፑ ባለው የኦይታ ክፍለ ግዛት ማሠልጠኛ ዛሬም ወጣቶች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ይማራሉ። አቅሙ ውስን የሆነ ጀማሪ ዐይኑን ወደዚያ ቢጥል ደስ ይለኛል።

«ጃፓናውያን ራሳቸው ይሰበስቡታል፤ የውጭ ሰው ምን አገባው?»

የዘመኑ ገበያ የቆመው በእጅጉ በአሜሪካውያን ፍቅር ነው። ሎይድ ኮትሰን የተባለው ነጋዴ ዘጠኝ መቶ ገደማ ቅርጫት ሰብስቦ ለሳን ፍራንሲስኮ የእስያ ጥበብ ሙዚየም ሰጠ። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም በ2017 የአቢ ቤተሰብን ስብስብ ለሕዝብ አሳየ።

«ቀርከሃ አይበላሽም፤ አበባውን አስገብቶ ውሃ ማፍሰስ ነው»

ውሃው የሚገባው ኦቶሺ በተባለው የቀርከሃ ወይም የመዳብ ቱቦ ውስጥ ነው እንጂ ቅርጫቱ ውስጥ አይደለም። ቅርጫቱን ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁት፤ ቀለሙ ይለቃል፣ ስንጥቁም ደርቆ ይሰነጠቃል። ማሞቂያ አጠገብም አታስቀምጡት። የቤት ዕቃ የሚወለወልበትን ዘይት በፍጹም አትንኩት፤ አቧራውን ለስላሳ ብሩሽ ያነሣዋል። በእጀታው ብቻ አንጠልጥላችሁ አታንሡት፤ አንድ እጅ ሁልጊዜ ከሥር ይሁን። ያልተቀባው ነጭ ማዳኬ እንዲህ ተይዞ ሲኖር በዓመታት ውስጥ እየወዛ የማር ቀለም ይይዛል፤ ያንን መልክ ሠሪው ሲሰነጥቀው ጀምሮ አስቦታል።