የክትባት ግዴታ ሲባል ማን ነው የሚገደደው?

የልጆች ክትባት «ግዴታ ሆነ» ሲባል ብዙ ወላጅ ልጁ በጉልበት ተይዞ ሲወጋ ይታየዋል። ሕጉ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይሠራም። የሚጠየቀው ወላጁ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2017 አሥር ክትባቶችን ግዴታ አድርጋለች። ከ6 ዓመት በታች የሆነ ያልተከተበ ልጅ መዋለ ሕፃናት አይገባም። ከዚያ በላይ ከሆነ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ወላጁ ግን በገንዘብ ይቀጣል። በጤናው ምክንያት መከተብ የማይችል ልጅ በሐኪም ማስረጃ ነፃ ይሆናል።

አዲስ ክትባት ሲመጣስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። ፈቃድ ማግኘት ማለት ክትባቱን መስጠት ይቻላል ማለት ነው። ግዴታ ማድረግ ሌላ ውሳኔ ነው። እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ጉዳት ደግሞ በሙከራ ወቅት ላይታይ ይችላል፤ የሚገለጠው ብዙ ሕፃናት ከተከተቡ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈቀደ የሮታቫይረስ (ሕፃናትን ለከባድ ተቅማጥ የሚዳርግ ቫይረስ) ክትባት በጥቂት ሕፃናት ላይ የአንጀት መዘጋት ማስከተሉ ስለታወቀ በ1999 ከገበያ ወጥቷል። ክትትሉ ሥራውን ሠርቷል። በኋላ የመጡት የሮታ ክትባቶች ዛሬ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት እያተረፉ ነው።

ስለዚህ አዲስ ክትባት መጀመሪያ በነፃና በቅርብ ይቅረብ፣ በደንብም ይከታተሉት ባይ ነኝ። በሽታው እንደ ኩፍኝ በቀላሉ የሚዛመት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ኩፍኝን ለመግታት 95 በመቶ ያህል ሰው መከተብ አለበት። ቁጥሩ ከዚያ ሲወርድ ቀድመው የሚጎዱት ለክትባቱ ገና ያልደረሱ ጨቅላዎች ናቸው፤ ለእነሱ ሲባል መንግሥት ቢያስገድድ አልቃወምም።