ጎጃም ውስጥ ውሃ ዳር ሲገነባ ወንዙንና ሐይቁን ከጉዳት መጠበቅ

ጎጃም ውስጥ ውሃ ሳይነኩ መሥራት ከባድ ነው። ምሥራቁንና ደቡቡን አባይ ይዞታል፣ ሰሜኑ ላይ ጣና አለ፣ መሃሉን ደግሞ ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ብር፣ ቆጋና ግልገል አባይ ይቆራርጡታል። መንገድ ተሠራ ማለት ድልድይ ተሠራ ማለት ነው። ከደጀን በታች በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ፣ መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ ግድብ፣ በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ ወይም ውሃ ዳር የተሠሩ ናቸው።

ጉዳት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ዘይትና ሲሚንቶ ነው። እዚህ አገር ግን ዋናው ጠላት አፈር ነው። የጎጃም ቀይ አፈር ደቃቅ ነው፤ ኤክስካቫተር ገደሉን ቆፍሮ ትርፉን ወንዝ ዳር ከከመረው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጠራርጎ ያወርደዋል፣ ውሃውም ቶሎ አይጠራም። ከታች ውሃ የሚቀዳ ሰው አለ፣ ከብት የሚያጠጣ አለ። ጣና ደግሞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ደለል አይችልም።

ስለዚህ ትልቁ መከላከያ የቀን መቁጠሪያ ነው ባይ ነኝ። መሠረት ቁፋሮና ወንዝ ውስጥ የሚገባ ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማለቅ አለበት። ምክንያቱ የጎርፍ ፍራቻ ብቻ አይደለም። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ላቢዮባርበስ የተባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ግልገል አባይ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ያ ጠጠር ጭቃ ከለበሰ እንቁላሉ ይታፈናል። ክፍያ ዘግይቶ፣ ማሽን ተበላሽቶ ሥራው ሐምሌ ላይ ሲንጠባጠብ የሚጎዳው የተቋራጩ ኪስ ብቻ አይደለም።

ሳይት ላይ የሚደረገው ነገር ውስብስብ አይደለም። ውሃውን በአሸዋ በተሞላ ጆንያ ወይም በጊዜያዊ ግድብ ገለል አድርጎ በደረቅ መሥራት ነው። እኔ አንድን ሳይት ለመመዘን መጀመሪያ የማየው የፓምፑ ቱቦ አፍ የት እንደተጣለ ነው። ከመሠረቱ ጉድጓድ የሚሳበው ውሃ ጭቃ ነው፤ ቱቦው ቀጥታ ወንዙ ላይ ከተደፋ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ የወረቀት ነው። ራቅ ብሎ ማዝቀጫ ጉድጓድ መቆፈር ወይም ሳር ላይ መልቀቅ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚክሰር፣ ማለትም የኮንክሪት ማቡኪያው፣ እጣቢ አለ። ትኩስ የሲሚንቶ ውሃ ቆዳ ይልጣል፣ ዓሣ ይገድላል። ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ይታጠባል፣ ሲደርቅ ተሰባብሮ ለሙሌት ይሆናል። ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ከውሃው ርቆ፣ ዙሪያው በተገደበ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ከፈሰሰም በሰጋቱራ ይመጠጣል እንጂ በውሃ አይታጠብም።

ባሕር ዳር አካባቢ ደግሞ ደንገሉ አለ። ለመዝናኛና ለሎጅ ብሎ ዳርቻውን መንጥሮ አፈር መሙላት ታንኳ ሠሪውን ጥሬ ዕቃ ያሳጣዋል፣ ሐይቁንም ደለል ከሚያስቀርለት አጥር ያራቁተዋል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ እዚያ ዳር ቆሞ እንዲህ ማድረግ ያሳዝናል።

ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ያስገድዳል፣ 300/1995 ብክለትን ይቆጣጠራል። ክፍተቱ ውሉ ላይ ነው፦ ውሃውን ከጉዳት የመጠበቁ ሥራ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የራሱ ሂሳብ ከሌለው ተቋራጩ አይሠራውም፣ አማካሪ መሐንዲሱም ሊያስገድደው ይቸገራል። ጆንያውም፣ ጉድጓዱም፣ ችግኙም ዋጋ ተጽፎላቸው ይግቡ።

በተለይ ችግኙ። የተቆረጠ ገደል በቬቲቨር ሳር፣ ደጋው ላይ እንደ እንጅባራ ባለው አካባቢ በቀርከሃ ጥሩ አድርጎ ይያዛል። ግን ሰብል ሲነሳ ከብት ይለቀቃል፣ የተተከለውም ይበላል። ተቋራጩ ጉድለት እንዲያስተካክል የሚገደድበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት ከአካባቢው ሰው ጠባቂ ቀጥሮ ደመወዙን እንዲከፍልና የደረቀውን እንዲተካ ውሉ ላይ አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል።