የታንከር ውስጥ ቤንዚን ፓምፕን በትልቅ መቀየር፣ አዳማ ላይ

የመኪና ታንከር ውስጥ ያለውን ቤንዚን ፓምፕ አውጥቶ በትልቅ መቀየር አዳማ ላይ ብዙ ሰው የሚሰራው ስራ አይደለም፣ የሚሰሩት ልጆች ግን ነገሩን በደንብ ይዘውታል፣ ያልያዙት ደሞ ፒስተን አቅልጠው ተምረዋል። ፓምፑ ራሱ ትንሽ የእጅ ባትሪ የሚያክል ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ከታች ካልሲ የምትመስል ወንፊት አለችው፣ በሷ ይስባል፣ ከላይ ወደ ኢንጄክተሮቹ (ቤንዚኑን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት) ይገፋል። ቤንዚን ውስጥ ተዘፍቆ ነው የሚውለው፣ ቤንዚኑም በሞተሩ መሃል አልፎ ነው የሚሄደው፣ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ሁሌ የምጠየቀው "ታዲያ ውስጡ ብልጭታ እያለ እንዴት አይነድም" የሚለውን ነው፣ መልሱ ቀላል ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ እሳት የሚያስነሳ አየር የለም፣ ከላይ ያለው ትነትም ቤንዚኑ ስለሚበዛበት አይያዝም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ ፓምፕ ጉልበት አይጨምርም። ስቶክ መኪና (ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ) ላይ 255፣ ማለትም በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋውን ፓምፕ፣ ብትገጥምበት የሚጨምርልህ ነገር ጩኸት ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ቱርቦ ሲገባ፣ ቡስት (ቱርቦው የሚገፋው የአየር ግፊት) ሲጨመር ወይ ትልቅ ኢንጄክተር ሲገጠም ነው፣ ያኔ የፋብሪካው ፓምፕ አቅም ጫፍ ላይ ሲደርስ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ አየር በዝቶበት ይቃጠላል፣ ያንኳኳል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ያወረደ ሰው ይንገራችሁ።

ስንት ሊትር ያስፈልጋል የሚለው በግምት ሳይሆን በሂሳብ ነው የሚሰራው። ቱርቦ ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ስለዚ 300 ፈረስ ያለው መኪና 81 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው፣ ቤንዚን ሊትሩ 740 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ወደ 110 ሊትር በሰዓት ይመጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳጅ ረግጦ የሚነዳ ሰው የለም መቼስ፣ ግን ለዛች 10 ሰከንድ ፓምፑ በዛ ልክ ማቅረብ አለበት። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ፓምፑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ሲወስድ ነው። ዋልብሮ (የፓምፕ ስም ነው) 255 ሲባል 255 ሊትሩን የሚሰጠው በ3 ባር አካባቢ ግፊትና በ13.5 ቮልት ነው። ግፊቱ ሲጨምር ሊትሩ ይወርዳል። ሬጉሌተሩ (የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረው) ከማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት) ጋር በቱቦ የተያያዘ ከሆነ ደሞ 1 ባር ቡስት ስትሰጥ የቤንዚኑ ግፊት ከ3 ወደ 4 ይወጣል፣ ማለትም ሞተሩ በጣም ሲፈልግ ነው ፓምፑ የሚከብደው። ለዛ ነው ልጆቹ 110 ሲፈልጉ 120 ሳይሆን 200 ምናምን የሚያስገቡት።

አዳማ ላይ ይሄ ስራ የሚመጣባቸው መኪኖች ሁለት አይነት ናቸው። አንዱ ያው ከውጪ የገቡት፣ ኢምፕሬዛ፣ ጎልፍ ጂቲአይ፣ አንዳንድ ቢኤምደብሊው፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ መንግስት በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከከለከለ በኋላ ደሞ ያለው እንዳለ ነው የሚታሸው። ሁለተኛው ለኔ ይበልጥ የሚጥመኝ ነው፣ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ላይ ኢንጄክሽን ሞተር የሚገጥሙት። የዲኤክስ ፓምፕ ሞተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ሜካኒካል ነው፣ ለካርቡራተር ስለሆነ ግፊቱ ከ0.3 ባር ብዙም አያልፍም፣ ኢንጄክሽን ደሞ 3 ባር ይፈልጋል፣ አስር እጥፍ ማለት ነው። ታንከሩም ለዚህ አልተሰራም፣ ውስጡ ቤንዚኑን የሚያግድ ክፍል የለውም፣ ኩርባ ላይ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ፓምፑ አየር ይስባል። ስለዚ ወይ ታንከሩን ቀዶ ክፍል መበየድ ነው (ባዶ የቤንዚን ታንከር መበየድ ሰው የሚገድል ስራ ነው፣ በውሃ ሞልቶ የሚበይድ ሰው ካላገኛችሁ ተዉት)፣ ወይ ትንሽ ተጨማሪ ጣሳ አድርጎ ትልቁን ፓምፕ እዛ ውስጥ መክተት ነው።

አሁን ወደ ሽቦው። አምና አንድ ጓደኛዬ ኢምፕሬዛው ላይ ትልቅ ፓምፕ አስገጥሞ መጣ፣ የገጠመለትን ጋራዥ አልጠራውም፣ እስከ 4 ሺ ዙር ጥሩ ነው ከዛ በላይ ይንተፋተፋል አለ፣ "ፓምፑ ፌክ ነው ሸወዱኝ" እያለ። የኋላ ወንበሩን አንስተን ክዳኑን ከፈትንና ሞተሩ እየሰራ ቴስተር ሶኬቱ ላይ አስገባን። ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት፣ ፓምፑ ጋ 11.2። ሶኬቱን በእጄ ስነካው ሻይ ብርጭቆ የነካሁ ነው የመሰለኝ፣ ፕላስቲኩ አንድ ጎኑ ቡኒ ሆኗል። የፋብሪካው ሽቦ የተሰራው ለትንሽ ፓምፕ ነው፣ 255 ግፊት ሲኖርበት 8፣ 10 አምፔር ይስባል፣ 450 ሊትሩ ደሞ ከ15 ያልፋል፣ በቀጭን ሽቦ ያን ሁሉ ስታሳልፍ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ፓምፕ ደሞ ቮልት ሲያንሰው ዙሩ ይወርዳል፣ 2 ቮልት ማጣት ማለት ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ወይ ከዛ በላይ ማጣት ማለት ነው፣ ትልቁን ገዝተህ የትንሹን ስራ እያሰራኸው ነው። ያደረግነው ከባትሪው 4 ሚሊሜትር ስኩዌር ሽቦ መሳብ፣ ባትሪው አጠገብ 20 አምፔር ፊውዝ፣ ከኋላ ሪሌ (በትንሽ ሽቦ የሚታዘዝ ማብሪያ)፣ የድሮውን ሽቦ ሪሌውን ማዘዣ ብቻ ማድረግ፣ ማሳውን (ነጌቲቭ ሽቦውን) ደሞ ቀለሙ ተፍቆ ቦዲው ላይ በብሎን ማሰር ነው። 13.4 አሳየ። መንተፋተፉ ጠፋ፣ ፓምፑም ፌክ አልነበረም። ኢምፕሬዛ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ፓምፑን በሶስት ፍጥነት የሚያዘው ትንሽ ሳጥን አለ፣ ትልቅ ፓምፕ እሱን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሙቀቱ የራሱ ርዕስ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻ 18 በመቶ አካባቢ ያንሳል፣ ቤንዚን ደሞ ግፊት ሲያንስ ቶሎ ይፈላል፣ በላዩ ላይ ሚያዝያና ግንቦት የአዳማን ፀሐይ ጨምሩበት። መመለሻ ቱቦ ያለው መኪና ሞተሩ ያልተጠቀመውን ቤንዚን ሞተር ክፍል አሙቆ ወደ ታንከር ይመልሰዋል። ቆሞ ሲሰራ መኪናው በሰዓት አንድ ሊትር ምናምን ነው የሚበላው፣ ፓምፑ ግን 250 ያዞራል። ታንከሩ ውስጥ 10 ሊትር ብቻ ካለ ያ 10 ሊትር በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ አንዴ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ይመጣል ማለት ነው። አሁን ይሄን ከማደያ ሰልፍ ጋር አስቡት፣ ሰው ወረፋ የሚይዘው ቤንዚኑ ሲያልቅበት ነው፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ሞተር እያስነሳ እያጠፋ ይጠጋል፣ ታንከሩ ይግላል፣ ፓምፑ ትነት መሳብ ይጀምርና ዝዝዝ የሚለው ድምፁ ይቀየራል። ትልቅ ፓምፕ ያለው ሰው ከሩብ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው፣ ይሄን ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን መናገር እንደሚያናድድ አውቃለሁ።

ሰልፉ ሲሰለች ደሞ ሃይላንድ አለ። መንገድ ዳር በፕላስቲክ የሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው፣ ውሃም ኬሮሲንም ሊሆን ይችላል፣ የአዳማ ንፋስና አቧራ ደሞ የታወቀ ነው። አንዴ ያወጣናት ወንፊት ነጭ መሆን ሲገባት የቡና አተላ ነበር የምትመስለው፣ በጥፍሬ ስፍቃት አሸዋ ነው። ትልቅ ፓምፕ በኃይል ስለሚስብ ወንፊቱ ሲደፈን ቶሎ ይሞታል። ፓምፕ ሲቀየር አዲስ ወንፊትና አዲስ ፊልትሮ አብሮ ይቀየራል፣ እዚህ ላይ መቆጠብ የለም።

አገጣጠሙን ባጭሩ። መጀመሪያ የፓምፑን ፊውዝ ነቅለህ ሞተሩን አስነስተህ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ከዛ የባትሪ ነጌቲቭ ይፈታል። ጋራዡ ውስጥ ቡና የምታፈላው ልጅ ከሰሏን ይዛ ራቅ ትበል፣ ይሄን የምለው ለቀልድ አይደለም፣ ታንከር ተከፍቶ አምስት ሜትር ላይ ከሰል ሲራገብ በአይኔ አይቻለሁ። ታንከሩ ውስጥ የምትገባዋ አጭር ቱቦ ተራ የቤንዚን ቱቦ ከሆነች በወራት ውስጥ ውጪዋ አብጦ ይላላል፣ ቤንዚን ውስጥ ለሚዘፈቅ የተሰራው ላዩ ላይ ኤስኤኢ ጄ30አር10 የሚል አለው፣ ውድ ነው፣ ግን የሚያስፈልገው 10 ሳንቲሜትር ነው። የክዳኑ ጎማ ከወጣ በኋላ ያብጣል፣ አልመለስ ካለ በአዲስ፣ ካለዚያ ፉል በሞላህ ቁጥር መኪናው ውስጥ ቤንዚን ይሸታል። የጌጁ ተንሳፋፊ ክንድም ፓምፑን እንዳይነካ እዩት፣ ካለዚያ ጌጁ ግማሽ ላይ ይቀራል፣ ለዚህች ነገር ድጋሚ ወንበር ያነሳ ሰው ብዙ ነው።

እቃው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይ ከዱባይ በሰው ነው የሚመጣው። ዋልብሮ 255 በአለም ላይ በብዛት ፎርጅድ ከሚሰሩ የመኪና እቃዎች አንዱ ነው፣ ካርቶኑ አይታመንም፣ ስለዚ ገጥሞ ከማመን በፊት መለካት ነው። 255 ሊትር በሰዓት ማለት በደቂቃ 4 ሊትር ከሩብ ነው፣ ስለዚ 2 ሊትሩ ሃይላንድ በ28 ሰከንድ አካባቢ መሙላት አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ፓምፑን በቀጥታ ከባትሪ አስነስተው መመለሻ ቱቦውን ጠርሙሱ ውስጥ ይከታሉ፣ ደጅ ላይ፣ ሲጋራ የሌለበት። ቱቦው ከሬጉሌተሩ በኋላ ስለሆነ የሚለካው በትክክለኛው 3 ባር ላይ ነው። ቻርጀር ካልተያያዘ ባትሪው 12 ምናምን ነው የሚሰጠው፣ ስለዚ 33፣ 35 ሰከንድ ቢፈጅ አትደንግጡ፣ ደቂቃ ከፈጀ ግን ገንዘባችሁን አስመልሱ።

የመጨረሻው ሙከራ መንገድ ላይ ነው፣ ለዚህ ደሞ ከ2007 ጀምሮ የተመቸ ቦታ አለን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈጣን መንገድ ከአዳማ ሲወጣ ሽቅብ ነው፣ ሞተር ላይ ለረጅም ጊዜ ጭነት ይጥላል፣ 120 ሳታልፍም በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ረግጠህ ማየት ይቻላል። ጎንህ የተቀመጠው ሰው የግፊት ጌጁን ያያል፣ ቡስቱ ሲወጣ የቤንዚኑ ግፊት አብሮት እየወጣ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቡስቱ ወጥቶ እሱ ባለበት ከቆመ ወይ መውረድ ከጀመረ ወዲያው እግር ማንሳት ነው። ጓደኛዬ ባለፈው ሲሞክር እኔ ነበርኩ ጌጁን የያዝኩት፣ 4.0 ላይ ቆመ፣ 3.9፣ ተመልሶ 4.0፣ እሱ "እንዴት ነው?" ይለኛል፣ ዝም ብለህ ንዳ አልኩት።