ከቴፕ የተረፈው ጥበብ፦ የቢቢሲ የኪነ ጥበብ ስርጭትና ማኅደሩ

ቢቢሲ ሠዓሊን፣ ቀራፂን፣ ሙዚቀኛንና ደራሲን ወደ ተራው ተመልካች ሳሎን ለማስገባት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ደክሟል። ዛሬ የሚታወቀው ግን የሠራው ሁሉ ሳይሆን ከማኅደሩ የተረፈው ነው፤ በፊልም የተቀረጸው በአመዛኙ ሲቆይ፣ በቪዲዮ ቴፕ የተቀረጸው ብዙው ተደምስሷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስርጭቱ በ1936 ከለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ ሲጀመር ባሌት ከመነሻው ይቀርብ ነበር፤ ሁሉም በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከነበረው ዘመን የቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

በ1951 ጆን ሪድ ስለ ቀራፂው ሄንሪ ሙር የሠራው ፊልም አንድን ሕያው የጥበብ ሰው በሥራው ላይ በማሳየት ፈር ቀዳጅ ሆነ። ከ1958 እስከ 1965 የቆየው «ሞኒተር» የተሰኘ የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ደግሞ ይህን ጅምር ወደ ሙሉ ትምህርት ቤትነት አሳደገው ማለት ማጋነን አይሆንም። አዘጋጁና አቅራቢው ሂው ዌልደን ለቃል ጥራት እጅግ የሚጠነቀቅ ሰው ሲሆን፣ በሥሩ ካፈራቸው ወጣቶች አንዱ ኬን ራስል ነበር። ራስል ስለ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋር የሠራውና በ1962 የፕሮግራሙ መቶኛ እትም ሆኖ የቀረበው ፊልም አንድ ልጅ በነጭ ድንክ ፈረስ የማልቨርን ኮረብታዎችን እየጋለበ ሲያቋርጥ፣ ከሥሩ የኤልጋር የአውታር ሙዚቃ ሲፈስ ያሳያል። ዌልደን በእውነተኛ ሰው ታሪክ ውስጥ ተዋናይ መግባቱን ስላልወደደ ተዋንያኑ አንድም ቃል አይናገሩም፤ ታሪኩን የሚተርከው የራሱ የዌልደን ድምፅ ነው። ፊልሙ ዛሬም የሚያምርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ዝምታ ይመስላል።

ቢቢሲ ሁለት በ1967 የቀለም ስርጭት ሲጀምር፣ የጣቢያው ኃላፊ ዴቪድ አተንቦሮ የቀለምን አቅም የሚያሳይ ታላቅ ሥራ ፈለገ፤ በ1969 የተላለፈው የኪነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ የኬኔት ክላርክ ዐሥራ ሦስት ክፍል የሥልጣኔ ታሪክም ከዚህ ሐሳብ ተወለደ። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በመቀረጹ ከአርባ ዓመት በኋላ በከፍተኛ ጥራት እንደገና ሊዘጋጅ ችሏል። «ኦምኒበስ» የተሰኘው የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ከ1967 እስከ 2003 ዘልቋል፤ ሌላው ፕሮግራም «አሬና» በ1975 ተጀመረ። በተፎካካሪው አይቲቪ በኩል «ሳውዝ ባንክ ሾው» ከ1978 ጀምሮ በሜልቪን ብራግ አቅራቢነት ታይቷል።

የስቱዲዮ ውይይትና ድራማ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነበር። ስፋቱ ሁለት ኢንች የሆነው የዘመኑ ቴፕ ውድ ስለነበረ፣ የተላለፈውን አጥፍቶ ሌላ መቅረጽ የተለመደ አሠራር ሆነ። ከተዋንያንና ከሙዚቀኞች ማኅበራት ጋር የተገባው ስምምነት ዳግም ማስተላለፍን መገደቡ፣ ከቀለም መምጣት በኋላም ጥቁርና ነጩ ገበያ ማጣቱ ችግሩን አባብሶታል፤ የትኛው ምክንያት እንደሚያመዝን አስተያየቱ ይለያያል። ከ1964 እስከ 1972 ማታ ማታ ይቀርብ ከነበረው «ሌት ናይት ላይን አፕ» አብዛኛው የጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ያም ሆኖ ድርጅቱ በ1978 ስልታዊ የማቆያ መመሪያ ማውጣቱ ሊነሣለት ይገባል።

ከጠፋው መካከል ጥቂቱ በቅጂ ተርፏል። በስክሪን ፊት ለፊት የፊልም ካሜራ አቁሞ ስርጭቱን በመቅዳት የሚሠሩ የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂዎች ወደ ውጭ አገር ጣቢያዎች ይሸጡና ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይተላለፉ ነበር። «ዶክተር ሁ» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ከገዙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን፣ የዚሁ ድራማ ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ክፍሎች በናይጄሪያዋ ጆስ ከተማ መገኘታቸው በ2013 ይፋ ሆኗል። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ከ1993 ጀምሮ የተገኙትን ለሕዝብ ሲያሳይ ቆይቷል። በ2010 ደግሞ በዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ60 በላይ የጠፉ የብሪታንያ ድራማዎች መኖራቸው ታወቀ፤ ፍራንኮ ዜፊሬሊ ለብሪታንያ ብሔራዊ ቴአትር ያዘጋጀውና በ1967 የተላለፈው የሼክስፒር ኮሜዲ ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ወጣቱ ቦብ ዲለን የተወነበትና የዘፈነበት የ1963 ድራማ በ1968 ተደምስሷል። «አሬና» በ2005 ለሕዝብ ጥሪ አቅርቦ ቢያፈላልገውም ምስሉ አልተገኘም፤ ተመልካቾች በቤታቸው ቴፕ የቀዱት የዘፈኖቹ ድምፅ ግን ቀርቷል።