የሳይንስ መምህራንን በዲጂታል ቱሎች አጠቃቀም ማገዝ

የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ መምህራንን በዲጂታል መሳሪያ አጠቃቀም ማገዝ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኮምፒውተር አከፋፍሎ የሁለት ቀን ትሬኒንግ መስጠት ነው። ስራው ግን ከዛ በጣም ይሰፋል። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህሩ የቱን ርዕስ በሲሙሌሽን (ሙከራውን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያሳይ ፕሮግራም)፣ የቱን በስልክ ሴንሰር (ስልኩ ውስጥ ባለ መለኪያ)፣ የቱን ደሞ ያለምንም ስክሪን ቢያስተምረው ተማሪው እንደሚገባው እንዲለይ ማገዝ ነው፣ ከዛም ክፍል ገብቶ ሲሞክረው ብቻውን አለመተው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ትላንት የተጀመረ አይደለም። በ1980ዎቹ የእንቅስቃሴና የሙቀት ሴንሰር ከኮምፒውተር ጋር እያገናኙ ላብ ውስጥ መጠቀም ተጀምሮ ነበር፣ ተማሪው ከሴንሰሩ ፊት ወደፊት ወደኋላ ሲራመድ የርቀትና የጊዜ ግራፉ እዛው ስክሪኑ ላይ ይሳላል። በ1987 ሄዘር ብራዜል የምትባል ተመራማሪ ያሳተመችው ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል፤ ግራፉ ተማሪው እየተንቀሳቀሰ እያለ ሲሳልና 20 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ሲወጣ አወዳድራ ወዲያው ያዩት ተማሪዎች ግራፍ ማንበቡ የተሻለ እንደገባቸው አሳየች። መሳሪያው ያው ነው፣ ሶፍትዌሩም ያው፣ የተቀየረችው ያቺ 20 ሰከንድ ብቻ ናት። እኔ ይሄን ጥናት የምወደው መምህር ሲታገዝ መታየት ያለበት ነገር እንዲህ ያለ ጥቃቅን የሚመስል የአጠቃቀም ጉዳይ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው፣ ብዙ ትሬኒንግ ላይ ግን የሚወራው የቱ በተን ምን እንደሚሰራ ነው።

ከሲሙሌሽኖች ውስጥ በብዛት የሚታወቀው ፌት (PhET) ነው። በ2001 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ፕሮጀክት ሲሆን ሲሙሌሽኖቹ ነፃ ናቸው፣ ከ100 በላይ ቋንቋ ተተርጉመዋል፣ ዳውንሎድ ተደርገውም ያለኢንተርኔት ይሰራሉ። በ2005 በወጣ ጥናት በሲሙሌሽን ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ዑደት) የሰሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እውነተኛ አምፖልና ሽቦ ይዘው ከሰሩት በፅንሰ ሀሳብ ጥያቄ በልጠው ተገኙ፣ ቆይቶ እውነተኛ ሰርኪዩት ስሩና አብራሩ ሲባሉም የተሻሉት እነሱ ነበሩ። ይሄ ማለት ግን ላቡን ዝጉት ማለት አይደለም! ጥናቱ ስለ አንድ ርዕስና ስለ አንድ በደንብ የታሰበበት ሲሙሌሽን ነው የሚያወራው።

እስቲ የሰርኪዩቱን ትምህርት ቀረብ ብለን እንየው። ብዙ ተማሪ ከረንት (በሽቦው የሚሄደው የኤሌክትሪክ ፍሰት) አምፖሉ ጋ ሲደርስ "ያልቃል" ብሎ ነው የሚያስበው፣ ከአምፖሉ በፊት ብዙ፣ ከአምፖሉ በኋላ ትንሽ። መምህሩ ሲሙሌሽኑን ፕሮጀክተር ላይ ከፍቶ አንድ አሚተር (የከረንት መለኪያ) ከአምፖሉ በፊት ሌላ አሚተር ከኋላ አድርጎ ወዲያው ቢያሳይ ተማሪው ሁለቱም እኩል መሆናቸውን አይቶ እሺ ይላል፣ ፈተና ላይ ግን የድሮ ሀሳቡን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው አሚተር ከመግባቱ በፊት ስክሪኑን አቁሞ "ስንት የሚያነብ ይመስላችኋል፣ ለምን" ብሎ ደብተራቸው ላይ ቢያፅፋቸውና ከጎናቸው ካለው ጋር እንዲከራከሩ ቢያደርግ ግን ተማሪው የራሱን መልስ ይዞ ስለሚጠብቅ እኩል ቁጥር ሲወጣ ጥያቄ ይፈጠርበታል። ይሄ አካሄድ ገምት፣ ተመልከት፣ አብራራ የሚባለው ነው። የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር ከ1991 ጀምሮ ሀርቫርድ ላይ የተጠቀመበት ተማሪዎችን እርስ በርስ የማወያየት ዘዴም የሱ ዘመድ ነው፣ እዛ ላይ ውይይቱ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ዙር በትክክል የመለሱት ተማሪዎች በግምት ከ30 እስከ 70 ፐርሰንት ሲሆኑ ነው፣ ከዛ በታች ከሆነ ርዕሱን እንደገና ማስረዳት ይሻላል። ስንቱ በትክክል እንደመለሰ ለማየት ደሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ አያስፈልግም፣ ፕሊከርስ በሚባለው ዘዴ ተማሪው ኮድ የታተመበት ወረቀት በመረጠው መልስ በኩል አዙሮ ያነሳል፣ መምህሩ በአንድ ስልክ ስካን ያደርገዋል፣ በቃ።

ስልክ ራሱ ላብ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ጀርመን ባለው በአኸን ዩኒቨርሲቲ በ2016 የወጣው ፋይፎክስ የሚባል ነፃ አፕ የስልኩን አክስለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ የሚለካ)፣ ጋይሮስኮፕ (መሽከርከርን የሚለካ)፣ ማግኔቶሜትር (ማግኔትን የሚለካ)፣ ማይክሮፎን ሁሉ መለኪያ ያደርጋቸዋል። ሁለት ስልክ 5 ሜትር አራርቀህ በድምፅ የሚነሳና የሚቆመውን ስቶፕዋች በሁለቱም ትከፍታለህ፣ አንደኛው ተማሪ በስልኩ አጠገብ ያጨበጭባል፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው በራሱ ስልክ አጠገብ ያጨበጭባል፣ የሁለቱ ስልኮች ንባብ ልዩነት ድምፁ 10 ሜትር (5 በአንድ አቅጣጫ፣ 5 በሌላው) የሄደበት ጊዜ ነው፣ ወደ 0.029 ሰከንድ፣ አካፍለው ወደ 340 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ትራከር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ደሞ ቪዲዮ ላይ ይሰራል፣ ከ1 ሜትር የተለቀቀች ኳስ መሬት እስክትነካ 0.45 ሰከንድ ስለሚፈጅባት በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርፅ ስልክ 13 የሚሆን ነጥብ ይሰጥሃል፣ ለግራፍ በቂ ነው። መምህሩ ልምድ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ግን እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ስልኩ በእጅ ከተያዘና ከተንቀጠቀጠ ወይ ለርቀት መለኪያ ቪዲዮው ውስጥ የሚገባው ማስመሪያ ከኳሱ ኋላ ራቅ ብሎ ከቆመ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት የሆነው 9.8 አይመጣም፣ ተማሪውም ፊዚክሱ ነው የተሳሳተው ብሎ ይወጣል።

ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ላይ ምርጫው ይለያል። ኬሚስትሪ ላይ ዲጂታሉ ዋጋው የሚወጣው ዓይን የማያየውን ሲያሳይ ነው፣ ቢከር ውስጥ የምናየው፣ የሞለኪውሎቹ እንቅስቃሴና ሰሌዳ ላይ የተፃፈው ኢኩዌሽን ሶስቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ማገናኘት ለተማሪ ከባድ ነው፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ተመራማሪው አሌክስ ጆንስተን በሶስት ማዕዘን ያስቀመጠው ችግር ይሄ ነው። ታይትሬሽን (የአንድን ፈሳሽ መጠነ ይዘት ሌላ ፈሳሽ እየጨመሩ መለካት) ላይ ግን ቡሬቱን፣ ማለትም ፈሳሹ የሚንጠባጠብበትን መለኪያ ቱቦ፣ በእጅ ይዞ ጠብታ መቁጠርን ስክሪን አይተካውም። ባዮሎጂም እንደዛው፣ ናቹራል ሰሌክሽን (የተፈጥሮ ምርጫ) ብዙ ትውልድ ስለሚፈልግ ሲሙሌሽን ጥሩ ነው፣ ሴል ለማየት ግን ማይክሮስኮፕ ካለ ማይክሮስኮፑ ይቅደም።

መሳሪያውን ከርዕሱ ጋር ከማዛመድ ጀርባ ያለው ሀሳብ የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን ነው፣ በ1986 መምህር ትምህርቱን ማወቁ ብቻ ሳይሆን ያንን ትምህርት እንዴት እንደሚያስተምሩት ማወቁ ራሱን የቻለ እውቀት ነው አለ፣ ሚሽራና ኮህለር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ቴክኖሎጂን ጨምረውበት ቲፓክ የሚባለው ማዕቀፍ ወጣ። ዩኔስኮም በ2008 የመምህራን የአይሲቲ (የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ብቃት ማዕቀፍ አውጥቶ በ2011ና በ2018 አሻሽሎታል፣ የመጨረሻው 18 ብቃቶች አሉት። ማዕቀፎቹ ለፖሊሲ ጥሩ ናቸው፣ ለመምህሩ ግን የነገውን ክፍለ ጊዜ አያቅዱለትም።

ታዲያ ምን ዓይነት እገዛ ነው የሚሰራው? ሁሉንም መምህር አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ስላይድ ማስተማር ብዙም ለውጥ አያመጣም፣ የታሪክና የኬሚስትሪ መምህር ችግራቸው አንድ አይደለምና። የተሻለው በትምህርት ዓይነት ተለይቶ፣ በቀጣዩ ሳምንት ከሚያስተምሩት ምዕራፍ ተነስቶ፣ መምህሩ ራሱ እንደ ተማሪ ሆኖ ሰርቶት፣ ከዛ ክፍል ውስጥ ሞክሮት፣ ባልደረባው ገብቶ አይቶለት፣ ተመልሰው የተማሪዎቹን መልስ አብረው የሚያዩበት ነው፣ ይሄ ደሞ ወራት ይፈልጋል። ፔጊ ኧርትመር የምትባል ተመራማሪ በ1999 መምህሩ ቴክኖሎጂ እንዳይጠቀም የሚያደርጉትን እንቅፋቶች ለሁለት ከፍላቸዋለች፣ የመጀመሪያው የመሳሪያ፣ የኢንተርኔትና የጊዜ እጥረት፣ ሁለተኛው መምህሩ ስለ ማስተማር የሚያምነው ነገር። ሁለተኛውን በግዢ አትፈታውም። ግን እውነት ለመናገር መምህሩን "ለውጥ ይፈራል" ማለት ይበዛል፣ 30 ጥንድ አይን እያየው ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል 10 ደቂቃ የሚበላበት ሰው መጠንቀቁ ልክ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ እገዛ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ በምን እንደሚቀጥል ጭምር አብሮ ያቅዳል።

መሳሪያ በሌለበትም በር አይዘጋም። ኮሊብሪ የሚባለው ፕላትፎርም አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ ዋይፋይ ብቻ ትምህርቶቹን ያደርሳል፣ ውጪ ኢንተርኔት ሳይኖር። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ካለም የሰርኪዩቱ ትምህርት ከላይ እንዳየነው ይሰራል።

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ፣ ጥያቄ ሲፃፍላቸው መልስ የሚያዘጋጁ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞች፣ መጥተዋል። ለጥያቄ ማውጣትና ለተለያየ ደረጃ መልመጃ ለማዘጋጀት ጊዜ ይቆጥባሉ፣ ነገር ግን ስሌትና ዩኒት ላይ በልበ ሙሉነት ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ መምህሩ እያንዳንዱን ጥያቄ ራሱ ሳይሰራው ለተማሪ መስጠት የለበትም። አንዳንድ መምህራን የተሳሳተውን መልስ ራሱን አትመው "ስህተቱን ፈልጉ" ብለው ይሰጣሉ፣ ይሄ በጣም ጥሩ አጠቃቀም ነው።

እገዛው መስራቱን ለማወቅ ደሞ ስንት ታብሌት ታደለ፣ ስንት ሰው ሰርተፍኬት ወሰደ ብሎ መቁጠር አይበቃም። ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ያንኑ የከረንት ጥያቄ ጠይቆ የተማሪዎቹን ማብራሪያ ጎን ለጎን ማንበብ ነው፣ "ያልቃል" የሚለው ስንቱ ደብተር ላይ እንደቀረ እዛ ይታያል፣ መምህሩና አጋዡም ቀጥሎ የሚሰሩት ትምህርት ከዛ ይነሳል።